«ወረቀትህን» የሚለው ማን ነው?

በፌብሩዋሪ 1918 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሚኒሶታ በበረዶ ተሸፍና ሳለች አንድ ትእዛዝ ወጣ። ዜግነት ያልወሰደ ነዋሪ ሁሉ ቀርቦ ይመዝገብ የሚል ነበር። ቅጹ ረጅም ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ስፍራ፣ ሥራ፤ በየትኛው ወደብና በየትኛው ዓመት እንደገባ፤ ስንት ልጅ እንዳለው፤ በጦርነቱ የሚዋጋ ዘመድ እንዳለው ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ንብረቱ ይዘልቃል፤ መሬቱን፣ ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ያስቆጥራል። ዜግነት ካልጠየቀም ለምን እንዳልጠየቀ ያስጽፈዋል። ትእዛዙ ከዋሽንግተን የመጣ አልነበረም። ያወጣው አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በኤፕሪል 1917 የተቋቋመው፣ የሚኒሶታ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን የተባለው የክፍለ ግዛቱ አካል ነው።

ከ200,000 በላይ ሰዎች ቅጹን ሞሉ። ወረቀቶቹ ዛሬም በሚኒሶታ የታሪክ ማኅበር መዝገብ ቤት አሉ፤ አያታቸው ከየትኛው መንደር እንደመጣ ማወቅ የሚሹ የልጅ ልጆች ያገላብጧቸዋል። በዚያን ጊዜ ግን ቅጹ የቤተሰብ ማስታወሻ ሳይሆን የጥርጣሬ መዝገብ ነበር። የሚጠረጠረውም በመልኩ አይለይም። ጀርመኑ፣ ስዊድኑ፣ ኖርዌጂያኑ ከጎረቤቱ ጋር ቆዳው አንድ ነው፤ የሚያስጠረጥረው አንደበቱ ነበር። ይኸው ክፍለ ግዛት እስከ 1896 ድረስ ዜጋ የመሆን ሐሳቡን ያስታወቀን መጤ ገና ዜግነቱ ሳይጸድቅ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅድለት ነበር። በሃያ ዓመት ከምርጫ ሳጥን ወደ መመዝገቢያ ወረፋ ወረደ ማለት ነው።

ሚሲሲፒ በመካከላቸው የሚያልፈው ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ መንትዮቹ ከተሞች፣ ከዚያ ወዲህ ባለው መቶ ዓመት ደጋግመው የተጨቃጨቁበት ጉዳይ ከዚህ የተወለደ ነው። የመጤን ወረቀት መጠየቅ የማን ሥራ ነው? የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ወይስ ጎረቤት የሚያውቀው፣ ሌባ ሲመጣ የሚጠራው የሰፈር ፖሊስ ጭምር? ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቆች ሥር ቡናውን የሚጠጣ፣ በሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ምግብ ቤት የከፈተ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚያሽከረክር የአገር ሰው ሞልቷል። ከኋላው ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ሲል ልቡን የሚመታው ፍርሃት ሁለት ነው። አንዱ ቅጣቱ ነው። ሌላው ከቅጣቱ በኋላ ያለው ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚው ድቀት ሲበረታ ተራው የሜክሲኮዎች ሆነ። በስኳር ቀይሥር እርሻና በባቡር ሐዲድ ሥራ የመጡ ቤተሰቦች በሴንት ፖል ዌስት ሳይድ፣ በወንዙ ዳርቻ ሠፍረው ነበር። የራምዚ ካውንቲ የእርዳታ ሹማምንት ከእነዚህ ቤተሰቦች ከፊሎቹን በባቡር አሳፍረው ወደ ሜክሲኮ ሰደዷቸው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሚኒሶታ ውስጥ ተወልደው የሜክሲኮን ምድር ረግጠው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ በሕጉ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። የሰደዳቸው የኢሚግሬሽን መኮንን ሳይሆን ዱቄትና ከሰል ለመለመን የሄዱበት የአካባቢ ቢሮ ነው። ለእርዳታ የተከፈተ መዝገብ ለማባረሪያ ሲውል ድሃው ከዚያ በኋላ በየትኛው በር ያንኳኳል?

መልክ ብቻውን ለጥርጣሬ ሲበቃ ደግሞ ስደተኛ መሆን እንኳ አያስፈልግም። በሚኒያፖሊስ ፍራንክሊን ጎዳና ይኖሩ የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ኦጂብዌና ዳኮታ፣ ይህን ከማንም በፊት አይተውታል። በ1960ዎቹ ፖሊስ ቅዳሜ ማታ በመጠጥ ቤቶቹ በር ላይ መኪናውን አቁሞ እየጫነ ይወስዳቸው ነበር። በጁላይ 1968 ዴኒስ ባንክስ፣ ክላይድ ቤልኮርትና ጓደኞቻቸው የአሜሪካ ኢንዲያን ንቅናቄን እዚያው ሚኒያፖሊስ ውስጥ መሠረቱ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ፖሊስን መከተል ነበር። የፖሊስ መኪና በሄደበት ይሄዳሉ፤ ያያሉ፤ ይመዘግባሉ።

ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ፎርት ስኔሊንግ አለ። ከ1862ቱ የዳኮታ ጦርነት በኋላ 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ከምሽጉ ሥር ታጉረው ክረምቱን አሳለፉ፤ ብዙ ሰው እዚያው አለቀ። ለዳኮታዎቹ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ከተማጸኑት ጥቂት ነጮች አንዱ ጳጳስ ሄንሪ ዊፕል ነበሩ። ዛሬ በዚያው አካባቢ የቆመው የፌዴራል ሕንፃ በእኚህ ጳጳስ ስም ይጠራል፤ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱና አይስ የሚባለው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ ቢሮም ያሉት እዚያ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ኢትዮጵያዊ «ፎርት ስኔሊንግ ቀጠሮ አለኝ» ሲል የሚሄድበት ስፍራ ይህ ነው።

ሕጉ በመልክ ላይ ያለውን አቋም ለመረዳት ወደ 1975 መመለስ ያሻል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ዓመት በብሪኞኒ ፖንሴ ጉዳይ ላይ፣ የድንበር ጠባቂ አንድን መኪና ተሳፋሪዎቹ ሜክሲኮ ስለሚመስሉ ብቻ ሊያስቆም አይችልም አለ። ነገር ግን መልክ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ ሊታይ ይችላል ሲል አንዲት ቀዳዳ ተወ። ያቺ ቀዳዳ ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልተደፈነችም። በ1979 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ «ልዩ ትእዛዝ 40» የሚባለውን መመሪያ አውጥቶ፣ መኮንኖቹ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለማወቅ ብለው እርምጃ እንዳይጀምሩ ከለከለ። ምክንያቱ ርኅራኄ ሳይሆን የሥራ ስሌት ነበር፤ ምስክር የሚሸሸው ፖሊስ ገዳይ አይዝም።

በ1996 ነፋሱ ዞረ። ኮንግረስ ያጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ የአካባቢ ፖሊሶችና ሸሪፎች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተፈራርመው የኢሚግሬሽን መኮንን ሥራ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ውሉ በአንቀጹ ቁጥር «287 ጂ» ተባለ። በሌላ በኩልም ማንኛውም ከተማ ሠራተኞቹ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለፌዴራሉ እንዳያሳውቁ መከልከል አይችልም ተባለ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ መታወስ አለበት፤ የመንትዮቹ ከተሞች ብልሃት የተሠራው በዙሪያው ነውና።

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ሁሉም ነገር ተፋጠነ። በኖቬምበር 7 ቀን 2001 የፌዴራል ወኪሎች በሚኒያፖሊስ የሶማሌዎችን ገንዘብ ማስተላለፊያ ቤቶች ገብተው ዘጉ። ከ2002 ጀምሮ ከ25 አገሮች በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ፣ ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ቀርበው አሻራ እንዲሰጡ ታዘዘ። ሶማሊያና ኤርትራ ከዝርዝሩ ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ስለዚህ በአንድ ፎቅ የሚኖሩ፣ በአንድ ቋንቋ የሚጨዋወቱ፣ ለማያውቃቸው ሰው መልካቸው የማይለይ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ወረፋ ሲሰለፍ ሌላው ሥራው ሊሄድ ይችል ነበር። በመላው አገሪቱ ከ80,000 በላይ ወንዶች ተመዘገቡ፤ ከ13,000 የሚበልጡት ከአገር የማስወጣት ክስ ተመሠረተባቸው። በዚያው ዓመት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የጆን አሽክሮፍት መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ፖሊሶች የኢሚግሬሽን ሕግ የጣሰን ሰው የመያዝ ሥልጣን ከጥንትም አላቸው የሚል አስተያየት አወጣ።

በመንትዮቹ ከተሞች ይህ የወደቀው ቀድሞ በደረቀ ሣር ላይ ነው። በማርች 2002 የሚኒያፖሊስ ፖሊሶች ገጀራ ይዞ በፍራንክሊን ጎዳና ይሄድ የነበረ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሶማሌ ተኩሰው ገድለው ነበር። ማኅበረሰቡ ከኀዘኑ ሳይወጣ «እንግዲህ ወረቀትም የሚጠይቁን እነዚሁ ፖሊሶች ናቸው» የሚለው ወሬ መጣ።

በከንቲባ አር ቲ ራይባክ ዘመን፣ በጁላይ 2003፣ የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት «ሴፓሬሽን ኦርዲናንስ» የሚባለውን የመለያያ ደንብ አጸደቀ። ሴንት ፖል በ2004 ተከተለች። የደንቡ ቃል ሲጨመቅ፣ የከተማው ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ፈልጎ ለማግኘት ብሎ እርምጃ አይወስድም፣ ሰውን ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው አይጠይቅም ይላል። ጉዳዩ ለወንጀል ምርመራ የሚያስፈልግ ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ረቂቁን የጻፉት ሰዎች ብልሃት የታየው እዚህ ነው። የ1996ቱ ሕግ መረጃን ለፌዴራሉ መስጠት አትከልክሉ ይላል እንጂ መረጃውን ሰብስቡ አይልም። ያልተጠየቀ አይታወቅም፤ ያልታወቀ አይነገርም።

ደንቡ በጎ ሥራ ሠርቷል። ባሏ የደበደባት ሴት ፖሊስ ስትጠራ ስለ ቪዛዋ እንዳትጠየቅ፣ የተዘረፈ ባለሱቅ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ ከለላ ሆኗል። በሕግ የተጻፈ ከለላ ደግሞ ከአንድ አዛዥ ደግነት ይሻላል፤ አዛዥ ይቀየራል።

ቢሆንም ደንቡ የፖሊስን አፍ ዘጋ እንጂ ዓይኑን አልጋረደም። ይህን የሚያሳይ ሰነድ የወጣው ደንቡ በጸደቀ በሁለት ወሩ ነው። የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በ2001 ባዘዙት ጥናት 65 የፖሊስና የሸሪፍ መሥሪያ ቤቶች በ2002 ያስቆሟቸውን መኪናዎች መዝግበው ነበር። በሴፕቴምበር 2003 ውጤቱ ታተመ። ጥቁር፣ ላቲኖና ነባር አሜሪካዊ ሾፌሮች ከነጮች ይበልጥ ይቆማሉ፤ ከቆሙ በኋላም ይበልጥ ይፈተሻሉ። ሲፈተሹ ግን ሕገ ወጥ ነገር የሚገኝባቸው ከተፈተሹት ነጮች ባነሰ መጠን ነው። ፍለጋው ወንጀልን እየተከተለ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ሊገለበጥ አይችልም ነበር። መልክን ስለተከተለ ተገለበጠ። ሁለቱ ነገሮች፣ የመለያያው ደንብና ይህ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ወጥተው ለየብቻ መነጋገሪያ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያስቆጫል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ምክንያቱን ለማየት የአንዲት መኪና ጉዞ በቂ ነው። የኋላ መብራቷ ጠፍቷል፤ ፖሊስ ያስቆማታል። ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ሚኒሶታ ወረቀት ለሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ አትሰጥም ነበርና። ያለ ፈቃድ መንዳት ጥፋት ነው፤ አንዳንዴ በቅጣት ወረቀት፣ አንዳንዴ በእስር ያልቃል። ከታሰረ በካውንቲው እስር ቤት አሻራ ይሰጣል። ከ2008 ጀምሮ በየካውንቲው በተዘረጋው አሠራር ያ አሻራ ለኤፍ ቢ አይ ሲላክ ለኢሚግሬሽንም ይደርሳል። ከዚያ አይስ ለእስር ቤቱ የማቆያ ጥያቄ ይልካል፤ ሰውየው መለቀቅ ካለበት ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት ያዙልኝ ይላል። በዚህ ሁሉ መንገድ መኪናዋን ያስቆመው መኮንን ስለ ኢሚግሬሽን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ደንቡን አክብሯል። ሰውየው ግን ፎርት ስኔሊንግ ደርሷል።

ስለዚህም ትግሉ በሦስት በሮች ሆነ፤ በመኪናው መስኮት፣ በመንጃ ፈቃድ ቢሮውና በእስር ቤቱ በር።

ከሦስቱ ረጅም ጊዜ የወሰደው የመንጃ ፈቃዱ ነው። ዘመቻው ከሁለት አስርት ዓመት በኋላ አገረ ገዢ ቲም ዋልዝ በማርች 7 ቀን 2023 በፈረሙት ሕግ ተቋጨ፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይጠየቅ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ፈቃዱን ያገኛል። የእስር ቤቱን በር በ2014 የሄነፒንና የራምዚ ካውንቲዎች ጠበቅ አደረጉት፤ ዳኛ ያልፈረመበትን የማቆያ ጥያቄ አንቀበልም አሉ። በ2018 ምርጫ የሄነፒን ሸሪፍ ሪች ስታኔክ በዴቭ ሃቺንሰን ሲሸነፉ ከአይስ ጋር ያላቸው ቅርበት ከዋና መከራከሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ2019 ደግሞ የሚኒሶታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኖብልስ ካውንቲ ጉዳይ፣ ሸሪፍ በአይስ ጥያቄ ብቻ ሰውን ይዞ የማቆየት ሥልጣን የክፍለ ግዛቱ ሕግ አልሰጠውም አለ።

ተቃውሞም ነበረ። አገረ ገዢ ቲም ፖለንቲ በጃንዋሪ 2006 የሁለቱን ከተሞች ደንቦች የሚሽር ዕቅድ ይዘው ተነሡ። ከተሞች የፌዴራል ሕግ እንዳይከበር መከለል የለባቸውም የሚለው ክርክር ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ደንቦቹ ግን ጸንተው ቆዩ።

አገር ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲሰማ የራሱን ትዝታ ማንሣቱ አይቀርም። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከየቤታቸው የተወሰዱት በሰፈራቸው ፖሊስና በቀበሌ መዝገብ ጭምር ነው፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከአገር የተባረሩትን 75,000 ያህል አድርጎ ገምቷል። በኖቬምበር 2021 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ይካሄድ የነበረው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ ይመስላል ሲል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጋቱን ገልጾ ነበር። ያኔም ማን እንደሚያዝ የሚያሳየው ስም፣ አነጋገርና መታወቂያ ነው። በሚኒያፖሊስ የሚኖር ሐበሻ ፖሊስ «ከየት ነህ?» ሲለው ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም የሚሰማው። በዚያ የሸሸው፣ እዚህ የሚፈራው፣ አንዱ ጥያቄ ነው።

በሜይ 2017 ይኸው ጥያቄ በባቡር ውስጥ ተሰማ። ብሉ ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር ከሚኒያፖሊስ መሐል ተነሥቶ በሴዳር ሪቨርሳይድ፣ በፍራንክሊን፣ በሌክ ጎዳና በኩል አልፎ በፎርት ስኔሊንግ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዘልቃል። የሜትሮ ትራንዚት ፖሊስ የሆነ መኮንን ትኬት ሲቆጣጠር አንድ ወጣት ላቲኖ ተሳፋሪን አገር ውስጥ ያለው በሕገ ወጥ መንገድ እንደሆነ ጠየቀው። አንድ ሌላ ተሳፋሪ በስልኩ እየቀረጸ ነበርና፣ ይህን የመጠየቅ ሥልጣን አለህ ወይ ብሎ መኮንኑን አፋጠጠው። መኮንኑም ሥልጣኑ እንደሌለው አመነ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ፤ መኮንኑ ሥራውን ለቀቀ፤ መሥሪያ ቤቱም መመሪያውን አስተካከለ። ወጣቱ ግን ከባቡር ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ወደ ኢሚግሬሽን እጅ ገብቶ ነበር። የባቡሩ ፖሊስ የሚኒያፖሊስም የሴንት ፖልም ፖሊስ አይደለም፤ የከተሞቹ ደንብ አያዝዘውም። በአንድ ከተማ ስንት ዓይነት ፖሊስ እንዳለ፣ ከለላውም በየትኛው ዩኒፎርም ላይ እንደሚያበቃ ብዙ ሰው ያን ቀን ነው ያወቀው።

የቀረው በር፣ የመኪናው መስኮት፣ የተነካው በደም ነው። በጁላይ 2016 ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር ሾፌር በፋልከን ሃይትስ በፖሊስ ጥይት ሲገደል፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከ40 ጊዜ በላይ መኪናው እንደቆመበት ታወቀ። በኤፕሪል 2021 በብሩክሊን ሴንተር በፖሊስ የተገደለው ዳንቴ ራይት መኪናው የቆመው የታርጋው ዕድሳት ስላለፈና ከመስታወቱ ላይ ሽቶ ስለተንጠለጠለ ነው ተባለ። ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ፖሊስ ከተገደለ በኋላ የክፍለ ግዛቱ የሰብአዊ መብቶች መምሪያ የሚኒያፖሊስ ፖሊስን መርምሮ በኤፕሪል 2022 ሪፖርት አወጣ። ጥቁሮች ከከተማው ሕዝብ 19 በመቶ ያህል ሆነው ሳለ፣ ከ2010 እስከ 2020 ፖሊስ ኃይል ከተጠቀመባቸው አጋጣሚዎች 63 በመቶው በእነርሱ ላይ ነበር። በ2021 ሚኒያፖሊስ እንደ አለፈ ታርጋና እንደ ተንጠለጠለ ሽቶ ላሉ ጥቃቅን ነገሮች መኪና ማስቆምን ገደበች፤ በ2023 ከመምሪያው ጋር የተደረሰው ስምምነትም ይህን አጠናከረው። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የፖሊስ ዓይንም ሕግ ተጻፈለት።

ይህ ከኢሚግሬሽን ጋር የተያያዘ አይመስልም። ግን የጠፋ የኋላ መብራት መኪና የማያስቆም ከሆነ፣ ያ ከመስኮት እስከ ፎርት ስኔሊንግ የተዘረጋው ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቀለበት ይበጠሳል።

የ2025 ዓመት ሁሉንም በሮች በአንድ ጊዜ አንኳኳ። በፌብሩዋሪ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪዝ ኤሊሰን በአይስ ጥያቄ ሰውን ማቆየት የሚኒሶታን ሕግ ይጥሳል ሲሉ አስተያየት ጻፉ። እንደ ፍሪቦርንና ካስ ያሉ የገጠር ካውንቲዎች ግን የ«287 ጂ»ን ውል ፈረሙ። በጁን 3 ቀን ጭንብል ያጠለቁ የፌዴራል ወኪሎች በሚኒያፖሊስ ሌክ ጎዳና አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ሲገቡ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ። ባለሥልጣናቱ ጉዳዩ የአደንዛዥ ዕፅና የገንዘብ ማጠብ ምርመራ እንጂ ኢሚግሬሽን አይደለም አሉ። የከተማው ፖሊስ ሕዝቡን ለመቆጣጠር መጥቶ ነበርና አዲስ ክርክር ተነሣ። ወረቀት አለመጠየቅ በቂ ነው ወይስ ለሚጠይቀው አጥር ሆኖ መቆምም እንደ መጠየቅ ይቆጠራል? በኖቬምበር 25 በሴንት ፖል ሮዝ ጎዳና ይኸው ተደገመ፤ የፌዴራል ወኪሎች ሰው ሊይዙ መጥተው ነዋሪው ሲወጣ የሴንት ፖል ፖሊስ በተቃዋሚዎች ላይ የሚያቃጥል ኬሚካል ተጠቀመ። የመለያያው ደንብ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ሲጻፍ ይታሰብ የነበረው ሁለት ሰዎች በመኪና መስኮት ሲነጋገሩ እንጂ ጎዳና ሙሉ ወኪልና ጎዳና ሙሉ ጎረቤት አልነበረም።

በሴፕቴምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የኢሚግሬሽን ወኪሎች እንደ መልክና አነጋገር ባሉ ነገሮች ብቻ ሰው እንዳያስቆሙ ለሎስ አንጀለስ የወጣን እገዳ ሲያነሣ ዳኛ ብሬት ካቫና የ1975ቱን ቀዳዳ መልሰው አወጡት፤ ዘር ብቻውን ለጥርጣሬ አይበቃም፣ ከሌላ ጋር ግን ሊታይ ይችላል አሉ። በዲሴምበር ብዛት ያላቸው የፌዴራል ወኪሎች ወደ መንትዮቹ ከተሞች መጡ። ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ የከተማው መኪና ማቆሚያዎች ለዚህ ዘመቻ እንዳያገለግሉ አዘዙ፤ ምክር ቤቱም የመለያያውን ደንብ አጠበቀው። በዚያው ወር ለኢትዮጵያውያን ከ2022 ጀምሮ የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲ ፒ ኤስ፣ እንደሚያበቃ ተነገረ። በሴዳር ሪቨርሳይድ አንድ የ20 ዓመት ሶማሌ አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ እያለ ተይዞ ወደ ዊፕል ሕንፃ ተወሰደ። ብዙዎች ለሱቅና ለሥራ ሲወጡ ፓስፖርታቸውን ኪሳቸው መያዝ ጀመሩ። በጃንዋሪ 2026 ሁለት የሚኒያፖሊስ ነዋሪዎች፣ ሁለቱም ዜጎች፣ በ7ኛውና በ24ኛው ቀን በፌዴራል ወኪሎች ጥይት ሞቱ።

በሁለቱ ሞቶች መካከል፣ በጃንዋሪ 20፣ የአካባቢው የፖሊስ አለቆች ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ። የሴንት ፖል ፖሊስ አዛዥ አክስል ሄንሪ ነበሩ፤ የሄነፒን ካውንቲ ሸሪፍ ዳዋና ዊት ነበሩ። የብሩክሊን ፓርክ ፖሊስ አዛዥ ማርክ ብሩሊ የተናገሩት ከፖሊስ አፍ የሚጠበቅ አልነበረም። ከሥራ ሰዓት ውጪ የነበሩ ፖሊሶቻቸው በፌዴራል ወኪሎች እየቆሙ ወረቀት ይጠየቃሉ አሉ፤ የተጠየቁት በሙሉ ነጭ ያልሆኑ ናቸው። አንዷን መኮንን መኪናዋን ከብበው አስቆሟት፤ ሽጉጥ መዘው በሕጋዊ መንገድ መኖሯን የሚያሳይ ወረቀት ጠየቋት። ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ስትል ከእጇ መትተው ጣሉት። ፖሊስ ነኝ ስትል ወደ መኪናቸው ተመልሰው ሄዱ።